መመለሻው ለቤዛ ብቻ

ሰኞ

ብቻቸውን ለሚበሩ ልጆች በሚሞላው ቅጽ፣ «ላኪ» የሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ፣ «ተቀባይ» የሚለው ላይ የአለማየሁን። የትኬት ቢሮዋ ልጅ የልደት ወረቀታቸውን እያገላበጠች፣ «ወንድምና እህት ናቸው?» አለችኝ። በእናት፣ አልኳት። ቤዛ አሥራ ሦስት ሞላት፣ ናቲ ስድስት። ታናሽ እህቴ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋ ናቸው። አለማየሁ የናቲ አባት ነው፣ የቤዛ አይደለም። አዲስ አበባ ሌላ ትዳር ይዟል፤ ልጄን ላኪልኝ አለ። ልጁን ብቻ።

«መመለሻው ለሴቷ ብቻ ነው?»

«አዎ። በዚያው ቀን፣ ከሰዓት።»

ቀና ብላ አየችኝ።

ናቲ ያለ ቤዛ አይሮፕላን ውስጥ እግሩን አያስገባም። አለማየሁ በስልክ፣ «ታድርሰውና ትመለስ፣ ምን አለበት?» ነው ያለኝ። ምን አለበት!

ማክሰኞ

አዲስ አበባ ልትሄዱ ነው አልኳቸው። «ሁለታችንም?» አለች ቤዛ። ሁለታችሁም፣ አልኩ። ውሸት አይደለም። ናቲን አንስታ አሽከረከረችው። የቀረውን ሳልናገር ወጥ ላማስል ገባሁ።

ረቡዕ

ፎቶኮፒ። መታወቂያ። የናቲ የሳል ሽሮፕ። ለቤዛ መንገር። ሦስቱን ጨርሻለሁ።

ጎረቤቴ ሀሊማ ነገሩን ሰምታ በሩ ላይ ያዘችኝ። «አቦ ጽጌ፣ ንገሪያት! ዋላሂ፣ በልጅ እንዲህ አይደረግም።» ከነገርኳት እሷም አትሄድም፣ እሱም አይሄድም፤ አባቱ ደግሞ ራሱ መጥቶ እየጎተተ ይወስደዋል፣ አልኳት። ይሄ ሰበብ ነው። እውነቱን እዚህ ልጻፈው፤ አንዷ ስለምትቀርልኝ ደስ ብሎኛል። ፊቴ ላይ ያንን ደስታ እንዳታይብኝ ነው የፈራሁት።

ሐሙስ

ቤዛ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ጓደኞቿን ተሰናብታ መጣች። ደብተሮቿንና ነጠላ ጫማዋን ሰጥታቸዋለች። ያላትን ልብስ ሁሉ ሻንጣ ውስጥ አጨቀች። «አዲስ አበባ ይበርዳል አሉ፣ አክስቴ።» ሄጄ ሹራብ ገዛሁላት። ለአራት ሰዓት ቆይታ! ድሬ ላይ ማን ሹራብ ይለብሳል? ለብሳ እያላባት መስታወት ፊት ቆመች።

ዓርብ

አይሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንገታቸው ላይ ካርድ ተንጠለጠለ። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ናቲን ልትይዘው ስትል እሱ የቤዛን እጅ ጨምድዶ ያዘ። ቤዛ ሦስቴ ሳመችኝ። «አታልቅሺ፣ እንደውልልሻለን።» አይሮፕላኑ እስኪነሳ ላኪው አይሄድም ይላሉ፤ ተቀመጥኩ። ከተነሳም በኋላ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት ቤዛ ብቻዋን ወጣች። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ፤ ተረከብኩ ብዬ ፈረምኩ። ባጃጅ ውስጥ ሻንጣውን በመካከላችን አቆመችው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ ለሾፌሩ፣ «እዚህ ጋ በቀኝ» አለችው።

ቅዳሜ

አልበላችም። ናቲ አለቀሰ እንዴ ብዬ ጠየቅኳት።

«አላለቀሰም። አባቱ ካፌ አስገብቶን ኬክ እየበላን ነው እኔ እንደምመለስ የነገረኝ፣ በጆሮዬ። ናቲን፣ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ አልኩት። እሺ አለኝ። ዋሸሁት። ካንቺ ነው ያየሁት።»

ይቅርታ ማለት ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፌ እምቢ አለ።

እሑድ

ጠዋት አለማየሁ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። ልጁ ጫማዬን አታውልቁብኝ ብሎ ከነጫማው አድሯል፤ ቤዛ ከሽንት ቤት ስትመጣ እንሄዳለን ይላል። «እባክሽ አገናኚኝ፣ እየመጣሁ ነው ትበለው» አለኝ። ስልኩን ሰጠኋት። እየመጣሁ ነው በይው አልኳት፣ እኔም።

ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«ናቲ፣ እኔ ነኝ። ስማኝ። አልመጣም። ድሬ ነኝ። ዋሽቼህ ነው።»

የልጁ ጩኸት እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማ። አለማየሁም ከኋላ ይጮኻል። ስልኩን ልቀማት እጄን ዘረጋሁ፤ በክርኗ ገፋችኝ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ። ይሄን ስጽፍ ሩብ ሰዓት አልፏል። ልጁ አሁንም ያለቅሳል፤ እሷም አልዘጋችበትም።