የታሸገው እርሾ አየር እንዲያገኝ

ለኢንዱስትሪ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ጉዳዩ፦ በኤግዚቢትነት የተያዘው የባክቴሪያ እርሾ ሳይሞት የአየር ፓምፑ ተመልሶ እንዲሰካ ስለ መጠየቅ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ የቤተ ሙከራችንን በር በሰም አሽገዋል። ከማሸጋቸው በፊት የአየር ፓምፑን ሶኬት ነቅለዋል። ውስጥ ያለው ኤግዚቢት ሕይወት ያለው ነገር ነው።

1. አመልካች ከዓሣ ማሸጊያ በሚወጣ ፍሳሽ ፕላስቲክ የሚያመርት ድርጅት የቤተ ሙከራ ኃላፊ ነኝ። ፕላስቲኩን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አንድ ዘር ሳይሆኑ ከፍሳሹ የተለቀሙ ድብልቅ ናቸው። ምግብ ሲመጣላቸው እስኪጠግቡ ይበሉና የተረፋቸውን እንደ ስብ በውስጣቸው ያጠራቅማሉ። ተጣርቶ ፕላስቲክ የሚሆነው ያ ጥርቅም ነው። ከዚያ ሆን ብለን እናስርባቸዋለን። ያላጠራቀመው ይሞታል፤ ያጠራቀመው ተርፎ ይራባል። ርኅራኄ ያለበት ሥራ ነው አልልም።

2. የዓሣ ፍሳሽ ጨው ይበዛበታል። ያልለመደ ባክቴሪያ ላይ ጨው በድንገት ሲበዛበት ውሃውን ከውስጡ መጥጦ ያኮማትረዋል። ለማጠራቀም የሚያውለውን ጉልበት ነፍሱን ለማትረፍ ይጨርሰዋል፤ ምርቱም ይወድቃል። ስለዚህ ሟች ባለቤቴና እኔ ጨውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርን፣ የሞተው ሞቶ የቀረውን እያራባን ሁለት ዓመት አሳደግናቸው። በመጨረሻ የባሕር ውሃ ያህል ጨዋማ በሆነ ፍሳሽ ውስጥ ከደረቅ ክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ፕላስቲክ ሆነ። ባለቤቴ ይህን አይቶ በዚያው ወር በደም ግፊት አረፈ። ሐኪም ጨው ከከለከለው ቆይቶ ነበር።

3. የምርት ኃላፊው ዋርሳዬ ናቸው፤ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም። ባለፈው ወር ገዢዎች ሊጎበኙን ሲሉ፣ «ጨው ምርት ይቀንሳል፣ የታንከሩንም ፓምፕ እየበላው ነው» ብለው ባክቴሪያዎቹ ያሉበት ዋናው ታንከር ከጨዋማው ፍሳሽ ተራግፎ በቧንቧ ውሃ እንዲሞላ አዘዙ። ጨው ምርት ይቀንሳል ማለታቸው ለሌላ ሰው ባክቴሪያ ልክ ነው። የእኛዎቹ ግን ጨውን እንዲቋቋሙ ሆነው ያደጉ ስለሆኑ፣ ድንገት ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ ሲገቡ ውሃው ወደ ውስጣቸው ዘልቆ ያፈነዳቸዋል። ቢቀርም ቀስ ተብሎ ይቀነስ ብዬ ለመንኩ። «ደግሞ ለጀርም ታለቅሺ ጀመር?» አሉኝ። በማግስቱ ታንከሩ በነጭ አረፋ ሞልቶ እስከ ደረጃው ፈስሶ ነበር። ሠራተኞቹ «ሳሙና ፋብሪካ ሆንን» እያሉ ሳቁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለውን ያን ዕለት ቆሜ አየሁት።

4. ገዢዎቹ ባዶ እጃቸውን ከተመለሱ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ዋርሳዬ ከጠረጴዛዬ ሥር ያገኙትን የጨው ከረጢት አንጠልጥለው ገቡ። ጨዉ የእርሾው ነው። እርሾ የምንለው ታንከሩ ቢበላሽ መተኪያ እንዲሆን በትልቅ የመስታወት ጠርሙስ የምናቆየውን ዘር ሲሆን፣ ያለ ጨው አይኖርም። እሳቸው ግን «ታንከሩን በጨው የመረዘችው እሷ ናት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወንድሜንም በጨው ነው የፈጀችው፤ ታንከር ምን ይገርማል?» አሉ። ተሰብሳቢው ሳቀ። የቧንቧ ውሃውን ቫልቭ በእጁ የከፈተው ፎርማንም ሳቀ። ኋላ ብቻውን አግኝቼ እውነቱን እንዲመሰክርልኝ ስጠይቀው፣ «እትዬ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። እርስዎ ቢባረሩ ማን ይራባል?» አለኝ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ታገድኩ፤ ክሱም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣ።

5. የቀረኝ ምስክር ጠርሙሱ ብቻ ነው። ከእርሾው ተቀንሶ ግማሹ በጨዋማው ፍሳሽ፣ ግማሹ በቧንቧ ውሃ ቢሞከር፣ አንዱ ፕላስቲክ ሲሠራ ሌላው ሲፈነዳ ማንም ባለሙያ ያየዋል። ለዚህም ነው ተቆጣጣሪውን ለጠርሙሱ አየር የሚነፋውን ፓምፕ ሶኬት እንዳይነቅሉ የለመንኳቸው። «ኤግዚቢት አይተነፍስም፣ እመቤት» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መመሪያው በታሸገ ክፍል ውስጥ ማንኛውም መሣሪያ ይጥፋ ይላል። ከኋላቸው ቆመው የነበሩት ዋርሳዬ ደግሞ፣ «ምን አስጨነቀሽ? ረሃብ አንቺው አስለምደሻቸዋል» አሉ። ስለ ረሃቡ እውነታቸውን ነው። ያጠራቀሙትን ፕላስቲክ መልሰው እየበሉ ይችሉታል። መታፈንን ግን አይችሉም። በሳምንት ውስጥ ጠርሙሱ ጥቁር፣ የሚሸት ውሃ ይሆናል። ያን ጊዜ «ይኸው፣ ምን ፕላስቲክ አለበት?» ቢባል የምመልሰው የለኝም።

6. ስለዚህ ከክሱ ነጻ እንዲያወጡኝ ዛሬ አልጠይቅም። የምጠይቀው በሩ በተቆጣጣሪዎ እጅ ተከፍቶ ሶኬቱ እንዲሰካና መልሶ እንዲታሸግ ነው። እኔ ወደ ክፍሉ መግባት አያስፈልገኝም፤ ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ። ዋርሳዬ ካላመኑኝ ራሳቸው ይሰኩት።

ዛሬ ጠዋት ይህን ጥያቄ በቃል ሳቀርብ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ በኤግዚቢት ላይ የሚቀርብ አቤቱታ ለብቻው እንደማይታይ በትሕትና አስረድተውኛል። ጅብ ከሄደ በኋላ እንዳይሆንብኝ ብላቸው፣ ደንብ ነው አሉኝ። በዚህም መሠረት ፓምፑ ይሰካ ወይስ አይሰካ የሚለው ከዋናው ክስ ጋር ተጣምሮ ሰኔ 24 ቀን ውሳኔ ያገኛል።

ቀኑ እንዲቀደምልኝ በመማጸን፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የቤተ ሙከራ ኃላፊ፣ ከሥራ የታገደች