የቆረጥኩት የወፍ ቆሎ

ሰኔ 14 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት

ይድረስ ለልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም ልጃችንም ደህና ነን። እህትሽን ሰላም በይልኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ እሷ ጋ ስላቆየችሽ ግን አልመርቃትም።

የወፍ ቆሎ አበባሽ ሞተ ብለሽ እንዳታዝኚ። ያን ቀን "ሥሩ ግንቤን ሰነጠቀው" ብዬ ጮኼብሽ ስቆርጠው፣ አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ፣ ቅርንጫፉ ግቢውን ሞልቶት ቀረ። መጣሉ ቆጨኝና ለቲማቲሙ መደገፊያ ተከልኩት። ሠላሳ ዓመት የገነባ ሰው እንጨት መትከል አያቅተውም፤ ውኃም አልነፈግኩትም። በሦስተኛው ሳምንት መደገፊያው ሁሉ ቅጠል አወጣ! አሁን ቲማቲሙን በፍለጋ ነው የምናገኘው። ቢጫውና ብርቱካንማው አበባ መስኮቱ ጋ ደርሷል፤ ጉቶውም አቆጥቁጧል። ልጃችን ከሥራ ስትገባ አይታ፣ "አባዬ፣ አንድ ገድለህ ሃያ ወለድክ!" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ትናንት በአጥሩ ብቅ ብላ፣ "ጋሼ፣ አበባ መትከል ደግሞ መቼ ለመዱ?" አለችኝ።

"ሙያ በልብ ነው" አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ?

በየሳምንቱ እከረክመዋለሁ፤ ካልከረከሙት በር ይዘጋል። እጄን ቢቧጭረኝም ተግባብተናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የግንቡን ሥር ቆፈርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥሩን አውጥቼ ላሳይሽና ልረታሽ ነበር። ብቆፍር ብቆፍር አንድም ሥር መሠረቱን አልነካም። መሠረቱ ራሱ ጥልቀት የሌለው ሆኖ አገኘሁት። ለሰው ቤት እስከ ወገቤ የምቆፍር ሰውዬ፣ ለራሴ ቤት ጊዜ ቸኩዬ ጉልበቴ ላይ አቁሜዋለሁ። ግንቡን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።

ይህን ለልጃችን እንኳ አልነገርኳትም። ቀድመሽ መስማት ያለብሽ አንቺ ነሽ። አበባው ምንም አላጠፋም፤ አንቺም አላጠፋሽም። ይቅር በይኝ። በጣም ናፍቀሽኛል።

ግንቡን አፍርሼ እንደገና እሠራዋለሁ፤ በአንድ ወር ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ፣ ለዚያ አልሰጋም። አንቺ ትመለሺ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ጤናሽን ይስጥሽ፤ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

ባለቤትሽ