ለአደ ጫልቱ ዛፍ የሳልኩት ካቴና

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ማሽኑን ለምን እንደሚሸጡት ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው። ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ልዘዝልሽ አሉኝ። መልስ ያጣ ሰው ነው ሻይ የሚያዘው ብዬ አልጠጣሁም።

አቶ ወርቁ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሞተር መጋዝ ሲጠግኑ ኖረው አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ዕቃቸውን ከበው ተቀምጠዋል። ማሽኑ የመጋዝ ካቴና መሳያ ነው፤ ስኩዌር ይሉታል። እኔ እስከ ዛሬ የምስለው በክብ ሞረድ ነው፣ አባቴ እንዳስተማረኝ። ክብ ሞረድ የካቴናውን ጥርስ ጎድጎድ አድርጎ ይተወዋል። የዚህ ማሽን ድንጋይ ግን ጠርዙ ማዕዘን ስላለው ጥርሱ ላይ ሁለት ዝርግ ፊት ያወጣል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ጥግ ነው እንጨቱን የሚነክሰው። ከክቡ በጣም ይፈጥናል ይላሉ። እንግዲህ ይላሉ ነው፤ እኔ አላየሁም።

ለምን አስፈለገኝ? አንደኛ፣ ለቡ በስኩዌር የሚስል ሰው ሱቅ ከፍቷል፤ ሦስት ደንበኞቼ ድምፃቸው ጠፍቷል። ሁለተኛው ግን ይበልጣል፤ ገመቹ።

ገመቹ ዛፍ ቆራጭ ነው። ፉሪ ተወልዶ ያደገ፣ የአባቱ እርሻ በቤት ቢከበብም እሱ ከቀየው ያልወጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካቴናውን ከእኔ በቀር ለማንም አልሰጠም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታቸው ለፎቅ መሠረት ሲያስቆፍር ድንበር ላይ ያለውን ትልቁን ባሕር ዛፍ ግማሽ ሥሩን ቆረጠበት። ዛፉ አሁን ወደ እናቱ ወደ አደ ጫልቱ ቤት አዘንብሏል። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። ገመቹ ቅዳሜ ዛፉን በብረት ገመድ መሠረቱን ከሚቆፍረው ማሽን ጋር አስሮ፣ ወደ ባዶው ቦታ እያስጎተተ ሊቆርጠው ነው። መጋዙ ከዘገየ ግንዱ ቆሞ ሳለ ይሰነጠቅና ቆራጩን ይመታል። መጋዙ ከተጣመመ ደግሞ ዛፉ ዞሮ ቤቱ ላይ ነው። «ፈጣንና ቀጥ ያለ ስጪኝ አስቱ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ።

ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ አዲስ ማሽን አይቼ ነበር። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሲያነሱት እንደ ብረት ድስት ይቀላል። ሻጩ ክቡንም ስኩዌሩንም፣ ቢላም መቀስም ይስላል አለኝ። ሁሉን እችላለሁ የሚል ሰውም ማሽንም አልወድም። ክንዱን ይዤ ወደ ጎን ስገፋው ተወዛወዘ። ተውኩት።

የአቶ ወርቁ ከባድ ነው፤ ለሁለት ነው የሚያነሱት። ክንዱን ገፋሁት፣ አልተነቃነቀም። ድንጋዩን አንጠልጥዬ በእንጨት መታ አደረግኩት፤ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ስንጥቅ የለውም ማለት ነው። እንግዲህ ምን ይወጣለታል? ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ማሽኑ ላይ የተጻፈውን የልክ ምልክት «አንቺ አንብቢልኝ» አሉኝ። የሚፈትኑኝ መስሎኝ አኮረፍኩ። የራሱን ማሽን ልክ የማያነብ ባለሙያ አለ? ወይ ማሽኑ የራሳቸው አይደለም፣ ወይ የሚደብቁት አለ።

ገዛሁት። መጠርጠር ሌላ፣ መግዛት ሌላ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26

ባለቤቴ ደሳለኝ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ማሽኑን ሱቅ አስገባልኝ። ጠረጴዛው ላይ በአራት ቡሎን አሰርነው። ደሳለኝ ሽቦውን ሲያይ «ደህና ነው» አለ። እሱ ሁሉም ነገር ደህና ነው የሚል ሰው ስለሆነ ድጋሚ አየሁት። ደህና ነው።

የመጀመሪያው ካቴና ተቃጠለ። ጥርሱ ሰማያዊ ሆነ። ብረት ሰማያዊ ከሆነ ሞቷል፤ አንድ ግንድ ሳይጨርስ ይደነዝዛል። ድንጋዩን ቀይረውብኛል ብዬ አሰብኩና ደወልኩ።

«ስትነኪው ምን ያህል ታቆዪዋለሽ?» አሉ አቶ ወርቁ።

«እስኪሳል ነዋ።»

«አይ ልጄ፤ ነካ አድርጊና ልቀቂው። እንደ ትኩስ ድስት።»

ነካ፣ ለቀቅ። ነካ፣ ለቀቅ። ሰማያዊው ጠፋ። ድንጋዩ የተቀየረ ባይሆንም ይህን ትናንት ለምን አልነገሩኝም? ሻይ ለማዘዝ ጊዜ ነበራቸው።

ሌላው ጣጣ ጥጉ ነው። የድንጋዩ ጠርዝ በትክክል ከጥርሱ ጥግ ጋር መግጠም አለበት። ትንሽ ከፍ ካለ ጥርሱ ይሳሳል፣ ዝቅ ካለ እንጨቱን ይፍቃል እንጂ አይቆርጥም። ድንጋዩ ራሱ እየተበላ ስለሚሄድ ጠርዙን በአልማዝ ጫፍ ማስተካከል አለ። ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ወገቤ አለቀ። ማምሻውን ግን አንድ ጥርስ ወጣልኝ። አንዲት ጥርስ። ጣቴን ሳስጠጋ ገና ሳልነካት የምትይዘኝ ትመስል ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

የዛሬውን ቀን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ለገመቹ ሁለት ካቴና ጨረስኩ። እያንዳንዱን ጥርስ በማጉያ አየሁ፤ ሁሉም ሹል፣ ሁሉም ጥግ በጥግ። ገመቹ መጥቶ አንደኛውን መጋዙ ላይ ገጠመና ከሱቁ ጀርባ የነበረ ግንድ ላይ ሞከረ። ፍጥነቱ ልክ የለውም። ሰጋቱራው እንደ ሩዝ ተበተነ። ልጮህ ነበር። ከዚያ የተቆረጠውን ፊት አየሁት። እንደ ሳህን ጎድጉዷል። መጋዙ ወደ ግራ እየሄደ ነው።

እንግዲህ ማን ነው ጥፋተኛው? የጠረጠርኳቸው በቅደም ተከተል፦

ካቴናው የሚዞርበት ብረት ተበልቶ ይሆናል። አዲስ ብረት ቀየርን። አሁንም ወደ ግራ።

የማሽኑ ክንድ ጠማማ ነው፣ ሽማግሌው ያውቁ ነበር፣ ለዚያ ነው ለምን እንደሚሸጡ ያልነገሩኝ።

ሦስተኛው ገመቹ ራሱ። ቦርሳውን ሲከፍት የእኔ ያልሆነ ካቴና አየሁ። እኔ ካቴና በሽቦ ነው የማስረው፤ ያ በላስቲክ ተጠቅልሏል። የለቡው ሰው አጠቃለል ነው።

«ሌላ ሰው ጋ አስሳልክ?» አልኩት።

«ለመጠባበቂያ ነው አስቱ። የእናቴ ቤት ነው።»

«እንግዲያማ መጋዙን ያጣመመው ያ ሰው ነው። ወይ ደግሞ አንተ እየተጫንከው ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የእኔ ካቴና ጠምሞ አያውቅም።»

ያልሞከርነውን ሁለተኛውን ካቴና ይዞ ወጣ። ሲሄድ ሰላም እንኳን አላለኝም። ገመቹ ማለት ከሱቄ ሲወጣ ለበሩም ቻው የሚል ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ጀሞ ሄድኩ። የምናገረውን ታክሲ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማሽንዎን መልሰው ይውሰዱ ነው። አቶ ወርቁ እስክጨርስ አዳመጡኝና ኮታቸውን ለብሰው «እንሂድ» አሉ። የተጣላ ሰው እንደዚህ አይከተልም። ይህም ራሱ አጠራጠረኝ።

ሱቁ ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «ካቴና ሳዪ፤ እንደምትሠሪው ሥሪ» አሉ። አዲስ ካቴና ሞርሳው ላይ አሰርኩና ጀመርኩ። ዓይናቸውን ከእጄ አያነሱም ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ወለሉን ነው የሚያዩት። የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ግራውን ጨርሼ ወደ ቀኙ ዞርኩ። ሦስት ጥርስ ሳልጨርስ «ቁሚ» አሉኝ።

«ግራውን አምስት ጊዜ ነካሽው። ቀኙን ለምን ሰባት?»

ሰባት አልነካሁም አልኩ። ነክተሻል፣ አልነካሁም ተባባልን። ከዚያ እጄ በራሱ እንደሚቆጥር ገባኝ፣ ማሽኑን አጠፋሁና ተቀመጥኩ።

አባቴ ሆሳዕና እንጨት ቤት ሲሠራ ያስተማረኝ ነው። እዚያ ያሉ ሞራጆች ሁሉ እንደዚያ ነበሩ፦ ግራውን አምስት፣ ቀኙን ሰባት። በቀኝ በኩል ሲሞርዱ እጅ ይደክማልና ሁለት ይጨመርለታል። ለሃያ ዓመት በሞረድ ትክክል ነበር። ማሽኑ ግን አይደክምም። በነካሁት ቁጥር እኩል ይበላል። ያን ሁለት ጊዜ ሳላስበው ስጨምር የቀኙ ጥርስ አጠረ። በካሊፐር፣ በርዝመት መለኪያዬ፣ ለካሁት። ረጅሙ ወዳለበት ወደ ግራ ነው መጋዙ የሚሳበው።

ክንዱ ጠማማ አይደለም። ገመቹም አልተጫነም። የለቡውም ሰው ምንም አላደረገ። እኔ ነኝ።

አቶ ወርቁ አልሳቁብኝም። ሲነሱ ጠረጴዛውን በእጃቸው ፈልገው ነው የያዙት። ያኔ ገባኝ። «ጋሼ፣ ዓይንዎ...» አልኩ። «ጥጉ ከጠፋኝ ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ለሻጭ እንዲህ ብሎ መናገር ደግ አይደለም ብዬ ነው። ማየት በማይችል ሰው እጅ የቆየ ማሽን ማን ይገዛል?» አፈርኩ። ሻይ አዘዝኩላቸው፤ እኔም ጠጣሁ።

አርብ፣ ግንቦት 29

ዛሬ የሆነው፦

ረቡዕ ሞክረነው እኔ ጋ የቀረውን ጠማማ ካቴና ግራውን ሁሉ ወደ ቀኙ ልክ አወረድኩ። አዲስ ነበር፤ ግማሽ ዕድሜው ሄደ።

ቆጠራውን ጮክ ብዬ ነው የቆጠርኩት፤ ግራ አምስት፣ ቀኝ አምስት። ደሳለኝ በስልክ የማወራ መስሎት ሁለት ጊዜ ገብቶ አየኝ።

ሞከርኩት። ቀጥ ያለ ነው። ሌላ ግንድ፤ ቀጥ ያለ። እንደገና። ያለማመን በሽታ ስላለብኝ አምስት ግንድ ፈጀሁ፤ ከዚያ እንደገና ስዬው ለካሁት።

ገመቹ ስልክ አያነሳም። አራቴ ደወልኩ። ያ ጠማማው ሁለተኛ ካቴና እሱ ጋ ነው። ነገ እሱን ቢገጥምስ? ፉሪ ሄድኩ።

እሱ የለም። አደ ጫልቱ በር ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ዛፉን አየሁት። ሰው ሲናገር ይህን ያህል አይመስልም ነበር። ከቆርቆሮው ጋር ሊጨባበጥ የቀረው ትንሽ ነው፤ ከሥሩ ሥር የጎረቤቱ ጉድጓድ ገደል ሆኖ ይታያል። አደ ጫልቱ ዛፉ እስኪወድቅ ከቤቴ አልወጣም ብለው እዚያው እንደሚያድሩ ጎረቤቶች ነገሩኝ።

ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «አስቱ አንቺ ነሽ? ጥርስ የምትስለዋ?» አሉኝ። መጋዙና ካቴናው የተሰቀሉበትን ግድግዳ አሳዩኝ። ጠማማውን አውርጄ የዛሬውን ሰቀልኩ። «ለገመቹ ንገሩልኝ፤ ያኛው ተበላሽቶ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ይህን ለእሱ ልነግረው የሚገባኝን ለእናቱ ነግሬ ሄድኩ። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ዛሬ ከቤት ሳልቆርስ ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም።

ስደርስ ገመዱ ታስሯል፣ ቆፋሪው ማሽን ሞተሩን አስነስቷል። ጎረቤቱ ሰውየም ቆሟል፤ ፊቱ አመድ ሆኗል። ገመቹ ሲያየኝ ሰላም አለኝ፤ ቀዝቀዝ ያለ ሰላም። ከዚያ ሁለት ካቴና በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወደ እኔ መጣ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የለቡው።

«የቱን ልግጠም?» አለ። «አንቺ ንገሪኝ።»

ይህን እንዳይጠይቀኝ ነበር የፈራሁት። ካሊፐሬን አወጣሁ። የለቡውን ለካሁ፤ ግራ ቀኙ እኩል ነው፣ በደንብ የተሳለ ነው። ግን ጥጉ ላይ አንፀባረቀ። የሚያንፀባርቅ ጥግ የደነዘዘ ነው። አቧራ የነካው ግንድ ላይ ተሞክሯል። «ትናንት ሞከርከው?» አልኩት። ሞክሬው ነበር አለ። የእኔን ለካሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ደግሜ ለካሁ። ካሊፐሩን ማመን አቃተኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ በሕይወቴ ሰውን ሁሉ ጠርጥሬያለሁ፣ ራሴን ግን እንደ ዛሬ ጠርጥሬ አላውቅም።

«የእኔን» አልኩት።

መጋዙ ላይ ገጠመው።

አደ ጫልቱ ግን ከቤት አልወጣ አሉ። ገመቹ ለመናቸው፣ ጎረቤቶች ለመኗቸው፣ አልሆነም። እኔ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል።

«የሚቆርጠው ልጄ አይደል?» አሉ።

«አዎ።»

«ጥርሱን የሳልሽው አንቺ አይደለሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ልውጣ?»

«እኔ ስለሳልኩት ነው የሚወጡት፣ አደ ጫልቱ» አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ሰጡኝና ተነሱ።

ከአስፋልቱ ማዶ ቆመን እጃቸው በእጄ ውስጥ ነበር። መጋዙ ጮኸ። የመጋዙን ድምፅ ብቻ ነው የማዳምጠው፤ ወደ ግራ ይሄዳል ወይ፣ ይዘገያል ወይ። አልዘገየም። ገመዱ ተወጠረ፣ ዛፉ አንዴ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ጉድጓዱ በኩል፣ ባዶው ላይ ተኛ። መሬቱ በእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ቆርቆሮው ላይ ቅጠል ብቻ ወደቀ።

አደ ጫልቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ። አልሰማሁትም፤ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

ሰው ሁሉ ወደ ግንዱ ሲሮጥ ገመቹ መጋዙን አጥፍቶ ወደ እኔ መጣ። «ረቡዕ ያልኩህን...» ብዬ ጀመርኩ።

«እናቴ ነግራኛለች» አለ።

«ለእናትህ አይደለም የምነግረው፣ ላንተ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንተን ጠረጠርኩህ። ይቅርታ።»

እስክጨርስ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ካቴናውን ከመጋዙ አውልቆ፣ ገና ትኩስ ነበር፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ሰኞ እፈልገዋለሁ» አለ።