ለእናታችን የሠራኋት ባለ ጎን ወንበር ሞተር

ይድረስ ለእህቴ ለምሥራቅ ገብረመስቀል፣ ካለሽበት ከኩዌት።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ የሚያምሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? አሠሪዎችሽስ ፊታቸው እንዴት ነው፣ በዕረፍት ቀንሽ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ስትያቸው ይለቁሻል? ሙቀቱስ በረደላችሁ? እኛ ዘንድ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎ ይጠብቀናል። ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ነበር ብዕር ያነሣሁት፤ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። በሕይወት አለን፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን ወረቀት የምትሰጥሽ የትናየት ናት፤ ለዕረፍት መጥታ ወደዚያው መመለሷ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ አንድም መስመሩ እየተቆራረጠ፣ አንድም ማን እንደሚሰማ ስለማይታወቅ ነው። የምጽፍልሽ ከላሊበላ ሳይሆን ከፍላቂት፣ ከእናታችን ቤት ሆኜ ነው። ጥቂት ሰንብቼ እመለሳለሁ ብዬ መጥቼ በዚያው ቀረሁ። መኪና ሲያልፍ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ትከዳኛለች። ትናንት የጎረቤት በር በነፋስ ሲላተም መሬት ላይ ተደፋሁ፤ አክስታችን አሰለች ደንግጣ ጠበል ረጨችኝ። አንቺን ማስጨነቅ አልፈለግሁም፤ ግን ለሌላ ለማን ልንገር?

እናታችን መርሳት መጀመሯን ታውቂያለሽ። አንቺ የምታውቂው ግን የጨው ዕቃ ጠፋኝ ብላ ቤት ስታምስ የነበረችውን ነው። አሁን ብሶባታል። ጠዋት ነጠላዋን ትለብስና ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች፤ ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ «ሞተሩ አልመጣም?» ትላለች። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለከብት ክትባት ገጠር ለገጠር ሲዞሩ ይነዷት የነበረችውን አረንጓዴ ሞተር ማለቷ ነው፤ ጎኗ ላይ የራሱ ጎማ ያለው ወንበር የተገጠመላትን፣ ሳይድካር የሚሏትን። አባታችን ሞተዋል ስንላት እንደ አዲስ መርዶ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች፤ በማግሥቱ ረስታው ደግሞ ትጠብቃለች። ስለዚህ መንገሩን ተውነው።

ትንሽ የሞተር ሞዴል ላኪልኝ ስልሽ «ምነው ኢያቄም፣ ሸምግለህ መጫወቻ አማረህ?» ብለሽ የሳቅሽብኝ ለዚሁ ነበር። ሞተሯን ብታያት ከመጠበቅ ታርፍ ይሆናል ብዬ ነው። የላክሽልኝ የእውነተኛው ሞተር ቅርጽ ሳይዛነፍ በትንሹ የተሠራች፣ መዳፍ ላይ የምትቆም ቀይ ብረት ነበረች። ጎብኚ ከጠፋ ወዲህ የምቀርጸውን መስቀል የሚገዛኝ ስለሌለ ጊዜ ሞልቶኛል። ቀዩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አረንጓዴ ቀባኋት። መሪዋን እንደ አባታችን ሞተር ሰፋ አድርጌ ከሽቦ አጎበጥኩላት። የጎን ወንበሯ ግን የትም የማይገኝ ስለሆነ ከምንም ተነሥቼ መሥራት ነበረብኝ። ገላዋን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጬ እንጨት ላይ እየቀጠቀጥኩ ቅርጽ አስያዝኩት፤ አጽሟን ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አወጣሁ፤ እግሯን፣ ጎማዋን ማለቴ ነው፣ ከወይራ ፈልፍዬ የብስክሌት ካላማዳሪያ አለበስኩት። መጀመሪያ ስገጥማት ሞተሯ ወደ ግራ ዘመመች፤ የወንበሩ እግር ረዝሞብኝ ኖሯል። አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ነጯን የክትባት ሣጥን ሳይቀር ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩላት።

በዚህ ባበቃ ምን ነበረበት! ልቤ ጠገበና ሞባይል ጠጋኙን ምሥጋናውን የፊት መብራቷን አብራልኝ አልኩት። እሱም የሰዓት ባትሪ አስገብቶ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ በሆዷ አሳልፎ አበራልኝ። ያን ቀን እንደ ሕፃን ነው የፈነጠዝኩት። ልታስጨርሰኝ የነበረችው ያቺው ሽቦ ናት።

በጨርቅ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ አደረግኋትና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ነአኩቶ ለአብን ስናልፍ በመስኮት ተሳለምኩ። አጠገቤ ሸዕባን የሚባል የወልድያ ልብስ ነጋዴ ተቀምጦ ነበር፤ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ሞተሯን ባሳየው ወደደልኝና እንዳይጨፈለቅብኝ ካርቶኑን ከራሱ ሻንጣ ላይ አኖረልኝ። ጋሸና ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ኬላ ላይ ቆምን። መፈተሽ ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ወርደን ተሰለፍን። አንዱ ጠባቂ ካርቶኑን ከፍቶ ጨርቁን ገለጥ ሲያደርግ ሽቦው ብቅ አለ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። «ፈንጂ!» ብሎ ጮኸና ወደ ኋላው ተፈናጠረ።

እታለም፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ስጽፍልሽ አሁንም ያልበኛል። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። አንዲት እናት ልጇን ከሥሯ አድርጋ ተኛችበት። ጠመንጃ ሲቀባበል ከየአቅጣጫው ሰማሁ። የማን ነው አሉ። ዝም ብል ሸዕባንን ሊይዙት ነው፤ ዕቃው እሱ ሻንጣ ላይ ነበራ። እንደምንም «የእኔ ናት» አልኩ። ሸዕባን ከተኛበት ቀና ብሎ «ወላሂ መጫወቻ ናት! እኔም በእጄ ይዣታለሁ!» ቢላቸው፣ ዝም በል ብለው ጮኹበት። ሾፌሩን አዳምንም ያሳፈርከው አንተ ነህ ብለው አንበረከኩት።

አለቃቸው ከቋጥኝ ጀርባ ወጣ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር። «ያንተ ከሆነች አንተው አንሣት» አለኝ። ከሰው ራቅ ብዬ የታጨደ ማሳ መካከል እንዳስቀምጣት፣ እዚያው ተንበርክኬ አንድ በአንድ እንድፈታታት አዘዘኝ። እነሱ ከቋጥኙ ጀርባ ሆነው አነጣጠሩብኝ። መጀመሪያ የሰዓት ባትሪዋን አወጣሁ፣ ከዚያ ሽቦውን፣ ከዚያ መሪዋን። የጎን ወንበሯ አልላቀቅ አለችኝ፤ እንዳትነቃነቅ ብዬ አጥብቄ ያሰርኳት እኔው ነኝ። «ፍጠን!» ሲል ጎትቼ ነቀልኳት፤ ቆርቆሮው አውራ ጣቴን ሰነጠቀኝ። ደሜ አረንጓዴው ላይ ሲንጠባጠብ ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም፤ አቡነ ዘበሰማያትን ጀምሬ መካከሉ ጠፋኝ።

ምንም አለመፈንዳቱን ሲያይ አለቃው መጣና ከጎኔ ቆመ። «በዚህ ዘመን ሞተር? ለማን ነው የምትወስዳት? የምን ምልክት ናት?» አለኝ። ሞተር ሳይክል ስሙ ብቻውን ሰው የሚያስጠረጥርበት ጊዜ መሆኑን አንቺም ሳትሰሚ አትቀሪም። ለእናቴ ነው አልኩት። አላመነኝም፤ ማንስ ያምናል? ደውል፣ ድምፁንም ከፍ አድርገው አለኝ። እግዜር ሲያመጣው መስመሩ ሠራ። አክስታችን አሰለች አነሣችው። አለቃው እናትየውን አቅርቡልኝ አላት።

«እናቴ፣ ኢያቄም የሚባል ልጅ አለዎት?» አላት።

«ኢያቄም?» አለች እናታችን። «ኢያቄም የሚባል ልጅ የለኝም።»

እታለም፣ የአለቃው ጠመንጃ ጎኔ ላይ ነበር። እኔን ግን ከጠመንጃው ይልቅ ያ ቃል ነው ያራደኝ። አክስታችን ከኋላ «ኧረ አለሽ! ኧረ ልጅሽ ነው!» እያለች ስትጮህ ይሰማኛል። አለቃው ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተከለ። በቃ፣ እዚህ ማሳ ላይ ቀረሁ አልኩ። እሱ ግን ስልኩን አልዘጋውም፤ «ሞተርስ ያውቃሉ?» አላት።

ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። «ገብሬን አገኛችሁት? አረንጓዴዋን፣ ባለ ጎን ወንበሯን? ጠዋት እንደ ወጣ አልተመለሰም እኮ። መንገድ ላይ ካያችሁት ያን ነጭ ሣጥን አውርዶ ቶሎ ይምጣ በሉልኝ፣ የእኔ ጌታ።»

አለቃው መሬት ላይ የተበተነውን አየ። አረንጓዴውን፣ ወንበሩን፣ ነጯን ሣጥን። ጠመንጃውን ወደ ታች አደረገ። «እነግራቸዋለሁ፣ እናቴ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ፊቴን አላየውም። «ሰብስብና ሂድ፤ ሽቦዋና ባትሪዋ ግን እዚሁ ይቀራሉ» አለና ወደ ኬላው ተመለሰ። አዳምንም ለቀቁት። መኪናው ውስጥ ሸዕባን ከሚሸጠው ሻሽ ቀድዶ ጣቴን አሠረልኝ፤ አምላክ ይስጠው።

ፍላቂት ስደርስ እናታችን ደጃፉ ላይ ነበረች። ስብርባሪውን ጨርቅ ላይ ብዘረጋው ትክ ብላ አየችውና «መካኒኩ ነህ?» አለችኝ። ምን ልበላት? አዎ አልኳት። «ገብሬ ልኮህ ነው?» አለች። አዎ፣ እሳቸው ልከውኝ ነው አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠች። አውራ ጣቴ እንደ ታሠረ ስለነበር፣ እኔ የጃንጥላውን ሽቦ ሳጠማዝዝ እሷ ወንበሯን በሁለት ጣቷ ያዘችልኝ። ሣጥኗን ወንበሩ ላይ ላስቀምጥ ስል ነጠቀችኝና መሬት አኖረቻት። «የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ወልድያ ሐኪም ቤት ሊወስደኝ ነው። አጥብቀህ እሰራት፣ እንዳታንገጫግጨኝ፤ ልጅ ይዣለሁ» አለችኝ። አክስታችን ምን ልትወልጂ ነው ብትላት፣ «ሴት ናት፤ ስሟንም አውጥቼላታለሁ፣ ምሥራቅ ነው የምላት» አለች።

እኔን አታውቀኝም፤ አንቺን ግን ገና በሆዷ ይዛሽ ትጠብቃለች። ይህን ልነግርሽ ነው ወረቀት ያበላሸሁት።

ሞተሯን ሠርቼ ባሳርፋት ብዬ ነበር፤ ነገሩ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። አሁን «መቼ ነው የምንነሣው?» ነው የምትለው። ከትናንት በስቲያ ሞተሯን በነጠላዋ አቅፋ፣ ብቻዋን አስፋልቱ ላይ ወደ ጋሸና ስትሄድ ሰው መለሳት። ወደ ኬላው ነው የምትሄደው! የጠሩትን አትሰማ፣ ቁሚ ቢሏት አትቆም። ከዚያ ወዲህ በሩን እየቀረቀርን ከሁለት አንዳችን እንጠብቃታለን። ወደ ላሊበላ እንዳልመለስ ለእሷ ፈራሁ፣ መንገዱንም ፈራሁ። ነይ እንዳልልሽ ያን ማሳ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ቅሪ እንዳልልሽ ደግሞ እስከ መቼ አንቺን በሆዷ ይዛ እንደምትቆይ አላውቅም። አንቺው ከፈጣሪሽ ጋር ምከሪ። ብቻ መስመር ባገኘሽ ቁጥር ደውይላት። ልጅሽ ነኝ አትበያት፣ ትደነግጣለች። ስሜ ምሥራቅ ነው በያትና ዝም ብለሽ አስወሪያት።

አክስታችን አሰለች ሁለት ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ጉልበትሽን በቅቤ እሺው ብላለች። ጎረቤታችን አባ በእውቀቱ በጸሎት አስቤሻለሁ ይሉሻል። ሸዕባን ሰሞኑን ደውሎ ነበር፤ ሳታውቂው ሰላም ብሎሻል። እኔ ወንድምሽ በናፍቆት እስምሻለሁ። እናታችን ሰላም ብላሻለች ብዬ አልዋሽሽም፤ አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ዛሬ ተገላበጠች» እያለች ነው።

ወንድምሽ ኢያቄም ገብረመስቀል
ፍላቂት፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.