ምርቃቴን ከስህተት ለቆጠሩብኝ ሊቀ መንበር

ለክቡር የ«ሸማች ዐይን» ማኅበር ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞችም፣ በቅርቡ በእርዳታ ለተገኘችው ነጭ መኪናም ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ፣ ምናልባት ቢያስታውሱኝ፣ በገበያው በር በስተ ግራ ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ምስር፣ ሽንብራና ሩዝ እየመዘንኩ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ባያስታውሱኝም ግድ የለም፤ የባለቤቴ ባል ነኝ፣ እሷን በደንብ ያውቋታል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት፣ ባለቤቴን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት የሚያስኬደውን አዲሱን ቅርንጫፍዎን እንድትመራ መሾምዎን ስለሰማሁ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ወሬውን የነገረኝ ጎረቤቴ ባለዱቄቱ ነው። ቤት ገብቼ ስጠይቃት፣ አዎ፣ ደብዳቤው ሰኞ ይደርሰኛል ብላ የማኅበሩን ሰደርያ መተኮሷን ቀጠለች። ስለዚህ ከሰኞ በፊት ይህን ሹመት እንዲሰርዙልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ወዳጆቼ ዝም አይነቅዝም ብለው መክረውኝ ነበር፤ እኔ ግን እህል ነጋዴ ስለሆንኩ የማይነቅዝ ነገር አይቼ አላውቅም።

ማኅበርዎ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይቀበል ባለቤቴ ስለነገረችኝ፣ ብሶቴን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ/ ስለ ሰባው ግራም። ባለፈው ዓመት የማኅበርዎ በጎ ፈቃደኞች ገዢ መስለው ሱቄ መጡና አንድ ኪሎ ምስር ገዝተው ሄዱ። መስለው አልኩ እንጂ ለመምሰሉ እንኳ አልመሰሉም፤ የምር ምስር የሚገዛ ሰው ሳይዳስስ፣ ጠጠር አለው ሳይልና ሳይከራከር ከፍሎ አይሄድም። የሆነው ሆኖ ባለቤቴ እንደ ልማዷ አንድ ጭብጥ መረቀችላቸው። ወስደው በዚያ በሚያብለጨልጭ ሚዛናቸው ላይ ሲያስቀምጡት አንድ ኪሎ ከሰባ ግራም ሆነ። ቅጻችሁ ላይ የነበሩት ዓምዶች «ትክክል» እና «ስህተት» ብቻ ነበሩ፤ ትክክሉ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ እኔ ስህተት ሆንኩ። በማግስቱ የገበያው በር ላይ ራሱ በር የሚያክል ማስታወቂያ ተለጠፈና «ባለጥራጥሬው፣ ስህተት ሰባ ግራም» ተብዬ ለሕዝብ ታየሁ። ከእኔ ሥር የተጻፈው ያው ጎረቤቴ ባለዱቄቱ ነበር። አውራ ጣቱን ከዱቄቱ ጋር ስለሚመዝን ገበያው ሁሉ «ጣቱ» ብሎ የሚጠራው ይህ ሰው ሰባ ግራም ሰርቆ፣ እሱም «ስህተት ሰባ ግራም» ተባለ። ሰጪና ቀሚ እኩል ወጣን ማለት ነው። ጣቱ በዚያን ቀን እንደ ወንድም አቅፎኝ፣ አይ አንተ፣ እስከ ዛሬ እንዴት ደብቀኸን ኖርክ አለኝ። ይህን የመሰለ ወዳጅነት ስላስገኙልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ ስለ እርማቱ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔ ደግሞ ሲናደድ አፉ የሚያመልጠው ሰው መሆኔን ስለማውቅ፣ ነገሩን እንድታስረዳ ባለቤቴን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ላክኋት። የላክኋት እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ፤ ዝናብ እንዳይመታት ጃንጥላውን ያቀበልኳትም እኔው ነኝ። እሷም ምርቃት የሚዛን ስህተት እንዳልሆነ፣ ሚዛኑ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እጅ የሚጨምረው እንደሆነ አስረዳችዎት። እርስዎ ከወንበርዎ ተነስተው እንደተቀበሏት፣ ሻይ እንዳዘዙላት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እያዳመጡ በማስታወሻ ደብተር እንደጻፉ ሰምቻለሁ። እኔ ለማንም ከወንበር ተነስቼ አላውቅም፤ የምቀመጠው ባቄላ ጆንያ ላይ ነውና። ከሁለት ሳምንት በኋላ የክብሪት ቀፎ የምታክል እርማት በዚያው በር ላይ፣ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ከለጠፋት ወረቀት ሥር ተለጠፈችልኝ። ቅጻችሁም «ምርቃት» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ተጨመረበት። የተጨማሪው ዓምድ ባለሙያ ማን ትሁን ሲባል ባለቤቴ ሆነች። ስህተቴን ልታስነሳ ሄዳ ሰደርያ ለብሳ ተመለሰች።

3ኛ/ ስለ ገቢዎ ምንጭ። ዓመታዊ ሪፖርትዎን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ፤ ባለቤቴ ፎቶዋ ስላለበት ቤት ይዛው መጥታ ነው። አርባ ገጽ፣ ጣት የሚያንሸራትት ወረቀት! የምትተዳደሩት ከአባላት መዋጮ፣ ከውጭ ለጋሾችና ከአንድ የምግብ ዘይት አስመጪ በሚገኝ ድጋፍ እንደሆነ በግልጽ ጽፋችኋል፤ ለግልጽነታችሁ አድናቆቴ የላቀ ነው። የዘይት አስመጪው ዓርማ በሰደርያው ጀርባ ላይ፣ በባለቤቴ ትከሻና ትከሻ መካከል ታትሟል። ገጽ ሃያ ስድስት ላይ ደግሞ ማኅበርዎ አሥራ አንድ ዓይነት ዘይት አስመርምሮ የስድስቱን ጉድለት ማንንም ሳይፈራ እንዳጋለጠ አነበብኩ። አሥራ ሁለተኛው፣ የሰደርያው ዘይት፣ በጊዜ እጥረት ምክንያት ሳይመረመር ቀርቷል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው አባባል ስለ ውሻ ብቻ የተነገረ መሆኑን ስለማውቅ እዚህ አላነሳውም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እኔም እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሸማች ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ አንድም ለጋሽ መጥቶ፣ ወንድሜ፣ ለምትመርቀው ጭብጥ ይህችን ያዝ ያለኝ የለም። ቀናሁ፣ ክቡርነትዎ። በመኪናው ቀናሁ፣ በወረቀቱ ቀናሁ፣ ማኅተማችሁ ክብ በመሆኑ ሳይቀር ቀናሁ።

4ኛ/ ስለ ተግባርዎ። መልካም ሥራዎን ልክድ ብሞክር ጎረቤቶቼ ይታዘቡኛል። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛዋ መምህርት የገዙት ማቀዝቀዣ በሳምንቱ ሲሞትባቸው፣ ስድስት ወር ሙሉ ሻጩ ዘንድ እየተመላለስኩ ጮኼላቸዋለሁ፤ ሻጩ ነገ ዛሬ እያለ፣ ሻይ እየጋበዘ ይመልሰኝ ነበር። እናንተ አንድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስይዛችሁ ባለቤቴን ላካችሁ፤ በሁለተኛው ቀን አዲስ ማቀዝቀዣ መጣ። መምህርቷ ደጅ ቆመው ባለቤቴን ያመሰግናሉ፣ ሰፈሩ ያጨበጭባል፣ እኔ ማቀዝቀዣውን በጀርባዬ አዝዬ የሦስት ፎቅ ደረጃ እወጣለሁ። ያየኝ ሰው አልነበረም። ወገቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

5ኛ/ ስለ ሰዋስው። በቤቴ ውስጥ እርስዎ «እሳቸው» ነዎት፤ እኔ «አንተ» ነኝ። ራት ስንበላ እሳቸው እንዳሉት ነው፣ እሳቸው እንደሚያስቡት ነው፣ እሳቸው ይህን ቢሰሙ ነው። ስለ ጎዶሎው ሳሙና የቀለዱትን ቀልድ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሳትጨርሰው በሳቅ ፈረሰች። ቀልዱ አያስቅም፣ ክቡርነትዎ። በክፉ እንደማልጠረጥራችሁ ግን በዚሁ አጋጣሚ በአደባባይ እመሰክራለሁ፤ ባለቤቴ ጨዋ ናት፣ እርስዎም ጨዋ ነዎት ይባላል፣ ጨዋነትዎም ነው አንጀቴን የሚያሳርረኝ። ባለጌ ቢሆኑልኝ ምን ነበረበት! ባለጌ ቢሆኑ ኖሮ አንድ ቀን መጥቼ ልክ ልክዎን ነግሬዎ ይወጣልኝ ነበር።

ስድስተኛው ቁጥር የለውም፤ አቤቱታ ይሁን ኑዛዜ ለራሴም ስላልለየልኝ። ባለቤቴ ከሱቁ ከቀረች ወዲህ ደንበኞቼ ብቅ ይሉና፣ የለችም እንዴ ብለው ይጠይቁኛል፤ የለችም ስላቸው፣ እንግዲያው ስትመጣ እንመለሳለን ብለው ይሄዳሉ። ገባኝ፣ ሳይገባኝ አልቀረም። እኔ እስከ ሚዛኑ መርፌ ድረስ ነኝ፤ መርፌዋ ኪሎው ላይ ስትቆም እጄም አብራ ትቆማለች። ከዚያ በላይ ያለችው ጭብጥ ሁልጊዜም የእሷ ነበረች። ሰው «ባለጥራጥሬው ይመርቃል» እያለ ሲያወራ ሃያ ሁለት ዓመት አገጬን ቀና አድርጌ ስሰማ ኖሬያለሁ። ሰሞኑን ለማንም ሳልናገር እንደ እሷ ልመርቅ ሞከርኩ። አንዷ ደንበኛ የጨመርኩላትን አይታ፣ አመመህ እንዴ አለችኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ሲባል የምሰማው ስለ ሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ቅርንጫፉን የሚመራ ሰው አጥተው ከሆነ ጣቱን እንዲሾሙት በአክብሮት እጠቁማለሁ፤ ስለ ጎዶሎ ሚዛን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚህ ገበያ የለም፣ ቢሄድም የሚናፍቀው አይኖርም። ባለቤቴን ግን ይተዉልኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ትምጣላችሁ፤ ግድ ካላችሁ ዓርብንም እጨምራለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።

ለሸማቹ ሕዝብ ስለሚደክሙት ድካም፣ ስለሚያዳምጡት ጆሮዎ፣ ከወንበር ለመነሳት ስለማይሰንፈው ጉልበትዎ፣ በእኔ ቤትም የመወደድ ዋጋ እንዲንር ስላደረጉልኝ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የሰኞውን ደብዳቤ ከመፈረምዎ በፊት እጅዎን ለአፍታ እንዲገቱልኝ እማጸናለሁ።

ዘወትር አክባሪዎ፣ ሲያከብርዎም ጥርሱን የሚነክሰው፣
በገበያው በር በስተ ግራ የሦስተኛው ሱቅ ባለጥራጥሬ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ፊደሉን እንድታርምልኝ ለባለቤቴ ሰጠኋት፤ በቤታችን ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ የምትለየው እሷ ናት። ቆማ ጀመረችው፣ ሁለት ቦታ አረመች፣ ከዚያ ተቀምጣ ጨረሰችው። የሾሟት እርስዎ እንዳልሆኑ፣ ማመልከቻ ጽፋ ቅርንጫፉን የጠየቀችው ራሷ እንደሆነች፣ እርስዎማ እንዲያውም እዚሁ ቅሪልን ብለው ሁለት ጊዜ ለምነዋት እምቢ እንዳለችዎት ነገረችኝ። እርስዎንም እምቢ ማለቷን ስሰማ፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለምን ልትሄድ እንደፈለገች ስጠይቃት ግን፣ እሳቸው ሁለት ጊዜ ቅሪ ሲሉኝ አንተ ለጋዜጣ ጻፍክ እንጂ እኔን አንድ ቀን ቅሪ ብለኸኝ ታውቃለህ ወይ ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ። ሰኞ ሳይደርስ እርስዎ ቅሪ ያሏት በምን በምን ቃል እንደነበር ጽፈው ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም፤ እኔ ከትናንት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው፣ ከአፌ አልወጣልኝም።