ሽማግሌዎቹ ያመኑት ጥፋት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ዳኛ የሚሾመው ምክር ቤት ነው። ከሹመቱ በፊት ግን የዕጩዎቹ ስም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሚያውቃቸው ሰው አስተያየቱን ጽፎ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይከታል። እኔም ባለፈው ሳምንት ስለ አንዱ ዕጩ ጽፌ ከትቻለሁ። ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ።

ዕጩው ይበልጣል ነው። እዚሁ ቢቸና ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ከዚያ ሕግ ተማረ፣ በሌላ ወረዳ ዓቃቤ ሕግ ሆኖ ሠራ፣ አሁን ለዳኝነት ታጨ። የጻፍኩት አጭር ነው፦ «ይህን ሰው ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ሌላውን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም።» ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። የክፍል አለቃ ሳለ አንድ ቀን ጠመኔ ከነሳጥኑ ጠፋ። ልጆቹ ሁሉ ወደ አንድ ልጅ ጠቆሙ። ይበልጣል ብቻ «እሱስ ምን ይላል?» አለ። ያን ጊዜ ገና ድምፁ እንኳ አልጎረነነም። አልረሳሁትም።

ጠዋት ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ሰይድ ብርጭቆ እያጠበ ጀመረኝ።

«መምህር፣ እርስዎም ጻፉ አሉ። ሹመቱ እኮ አልቋል። የቀረው ጭብጨባው ነው።»

«ካለቀ ሳጥኑን ለምን አመጡት?»

«ሳጥን የሌለው ሹመት አያምርማ።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሰይድ ጋር መከራከር አይቻልም፤ ሻዩን ያቀጥነዋል።

ዘሐራ ብትኖር ከሱ ጋር ትወግን ነበር። ዘሐራ ከእኔ ጋር ዕድሜ ልኳን ሥነ ዜጋ ያስተማረች የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሞጣ ገብታለች። ስም ከለጠፉ በኋላ አስተያየት መጠየቅ ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ያልጻፈ ሰው ኋላ ማማረር አይችልም እላለሁ። ክርክራችን እዚህ ላይ እንደቆመ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሬዲዮ። ባለፈው ወር አንድ የወረዳ ኃላፊ የገበሬ መሬት ለዘመዶቻቸው አዛውረዋል ተብሎ «በሕዝብ ቅሬታ ከኃላፊነት ተነሡ» ሲባል ሰምቼ ነበር። ዛሬ እኚሁ ሰው «ወደ ሌላ ኃላፊነት ተዛወሩ» ተባለ። የመጀመሪያው ዜና ረጅም ነበር። የዛሬው አጭር ነው።

ባለቤቴ አስካለ ምስር እየለቀመች ሰማች። «ታዲያ የተቀጣው ወንበሩ ነው?» አለች።

ሥርዓት ሲቀያየር አይቻለሁ፤ የሹመቱ አሠራር ግን ብዙም አልተቀየረብኝም። ኃላፊ ይነሣል እንጂ አይወርድም። እኛ ሒሳብ የወደቀን ተማሪ ፊዚክስ እንዲያስተምር ልከነው አናውቅም። ሌላ የምለው የለኝም። አልተናደድኩም፤ ለመናደድ መጀመሪያ መገረም ያስፈልጋል።

ለነገ፦ የአጥሩን በር ማጥበቅ። መሰላሌን ከጎረቤት ማስመለስ። መነጽሬን መጠገን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል። በሩም አልጠበቀ፣ መሰላሉም አልተመለሰ።

ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ቄስ ምናለ መስቀላቸውን ይዘዋል። የይበልጣል አጎት አቶ ውበቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለብሰዋል። ሦስተኛውን ሰው አላውቃቸውም። አስካለ ወንበር አቀረበች። አልተቀመጡም።

«ጥያቄያችን ሳይመለስ አንቀመጥም» አሉ ቄስ ምናለ።

በእኛ አገር ለይቅርታ የተላከ ሽማግሌ ለክርክር አይመጣም። ቆሞ ይለምናል፤ ከልመናው በፊት ደግሞ የላኪውን ጥፋት ያምናል። ጥፋት ያላመነ ሽማግሌ ይቅርታ ለመጠየቅ አፍ የለውም። እኔም ለብዙ ሰው እንዲህ ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት ለምን እንደመጡ ነው።

«መምህር፣ ልጃችን ይበልጣል አጥፍቷል» አሉ ቄስ ምናለ።

«ምን አጠፋ?»

የጠየቅሁት ባለማወቄ ነው። እነሱ ግን ጥፋቱን በአንደበታቸው እንዲያወጡት የፈለግሁ መሰላቸው። አቶ ውበቱ አንገታቸውን ደፉ።

«የሴትየዋ ነገር ነው እንጂ። ያች የመሬት ክስ። ሴትየዋን ሳይጠራ፣ ሳይሰማ መዝገቡን ዘጋው። ኃላፊው ደውለውበት ነው። ያ አሁን በሬዲዮ የሚነሣው። ልጅ ነው፣ ፈራ። እንጀራው ነው።»

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«ወይዘሮ ጥሩዬ ነቻ። መሬቷን ካጣች ወዲህ ሞጣ ልጇ ዘንድ ተጠግታለች አሉ።»

ቄስ ምናለ ቀጠሉ። «እርስዎ የጻፉበትን ሰምተናል። በእግዜር ስም እንዲያነሡለት ነው። አስተምረው ለዚህ ያበቁት ልጅ ነው፤ መልሰው እንዳይጥሉት።»

«የጻፍኩትን ሰማችሁ?»

«አንድ ጡረተኛ መምህር ጽፎበታል ተብሎ ከተማው ሁሉ ያወራል።»

«የጻፍኩት እኮ መልካሙን ነው» አልኩ። «አመስግኜው ነው የጻፍኩት።»

አቶ ውበቱ ቄሱን አዩ። ቄሱ መስቀላቸውን አዩ። ሦስተኛው ሽማግሌ፣ የማላውቃቸው፣ ወንበሩን ሳብ አደረጉና ተቀመጡ።

ሌሎቹም ቀስ ብለው ተቀመጡ። አስካለ ጠላ ቀዳች። ስለ ጤፉ አዝመራ አወራን። ሲወጡ ቄስ ምናለ በሩ ላይ ዘወር ብለው «እንግዲያው እንዳልመጣን ይቁጠሩን» አሉኝ። አቶ ውበቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

አሰብኩበት።

የተቆለፈው ሳጥን ወሬ ያስወጣል፤ ግን ግማሹን ብቻ። ማን እንደጻፈ ወጥቷል፣ ምን እንደጻፈ አልወጣም። ሁሉም ወጥቶ ቢሆን ሽማግሌ አይመጣም ነበር። ምንም ባይወጣም አይመጣም ነበር።

ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ድረስ ሄድኩ። ስሙ አለ። ዝናብ ነክቶት ጫፉ ተገልብጧል። አንድ ሰው ቆሞ ያነባል። ዕጩዎቹን ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። «አይ፣ የውሃ ማስታወቂያ ወጥቶ እንደሆነ ብዬ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ከእኔ ወረቀት ላይ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ተነካ። ሌላውን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ የገዛ አጎቱ ቆመው ሳይሰማ ዘጋው አሉ። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። እኔ የመሰከርኩት ስለማውቀው ልጅ ነው። ሊሾም ያለው ግን ሰውዬው ነው፤ ሰውዬውን ደግሞ አላውቀውም።

አስካለ ምሳ ላይ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «አንተ እርማት ላይ ስትቆይ እንደዚህ ነበርክ» አለች።

መነጽሬ ተጠገነ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ይበልጣል ራሱ መጣ። ወፍሯል። ጋሼ ይለኛል እንደ ድሮው።

«ጋሼ፣ እነ አጎቴ አሳፈሩኝ። እኔ አልላክኋቸውም። ጡረተኛ መምህር ሲባል እርስዎ ይሆናሉ ብለው በራሳቸው ተነሡ።»

«ያሉት እውነት ነው?»

«የሽማግሌን ነገር ያውቁታል። ጥፋት ባይኖርም አጥፍቷል ይላል። እርስዎ ራስዎ ላላጠፋ ሰው አጥፍቷል ብለው ቆመው አያውቁም?»

ቆሜ አውቃለሁ። ስለ ሰላም ሲባል ይደረጋል። ስለዚህ ይህን ነጥብ ለእሱ ሰጠሁት።

«ሴትየዋን ሰምተሃታል?» አልኩት።

«መዝገቡ ላይ ቃላቸው አለ።»

«ጠርተህ ሰምተሃታል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ማስረጃው አልበቃም፣ ጋሼ። ማስረጃ ሳይበቃ ክስ አይመሠረትም። ሕጉ ነው።»

«ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ።»

ሳቀ። «ክፍልም ውስጥ እንዲሁ ነበሩ። መልሱን እስኪያገኙ ጥያቄውን አይለውጡም።»

«መልሱን ካገኘሁ እለውጠዋለሁ።»

ሰዓቱን አየ። ስብሰባ አለብኝ አለ። እስከ አጥሩ በር ሸኘሁት፤ በሩ ላልቷል፣ ይዤለት ወጣ።

«ወረቀትዎን ያነሡታል?»

«ገና አላወቅሁም።»

«እንግዲህ እንደ ሕሊናዎ» አለ።

ደህና አነጋገር ነው። ንጹሕ ሰውም እንዲህ ይላል፣ ንጹሕ ያልሆነውም።

ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ኃላፊው ስልክ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልካደም፣ አላመነም። ማንሣት ነበረብኝ። ግን ያንን ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ ቢክደኝ በምን አረጋግጣለሁ? መጠራትና አለመጠራትን ግን ወይዘሮ ጥሩዬ ታውቃለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

መሰላሉ ተመለሰ። አንድ መወጣጫ ጎድሎታል። ቢሆንም ድል ነው።

ሰይድ ዘንድ አልሄድኩም። ቤት ቁጭ ብዬ ነገሩን በየወገኑ አስቀመጥኩት።

ይበልጣልን የሚደግፍ፦ ሽማግሌ ያልተደረገ ጥፋትም ያምናል። ማስረጃ ሳይበቃ አይከሰስም፤ ሕጉ የእሱ ፈጠራ አይደለም። አጎቱ በጉዳዩ አልነበሩም፤ ከሌላ ሰምተው ሊሆን ይችላል።

የሚቃወመው፦ «አጥፍቷል» ማለት ልማድ ነው፤ ስም ጠርቶ፣ ነገሩን ዘርዝሮ፣ ማን እንደደወለ መናገር ግን ልማድ አይደለም። ደግሞም ሁለት ጊዜ ተጠይቆ አልመለሰልኝም።

አስካለ ከጓሮ ጎመን ቀንጥሳ ስትገባ አየችኝ።

«እሱ ባይሾም ሌላው ይሾማል» አለች። «ሌላው የሚሻል መስሎህ ነው?»

«ላይሻል ይችላል።»

«ታዲያ?»

እውነቷን ነው። ከሌሎቹ ዕጩዎች አንዱን እንኳ በዚህ ከተማ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ከይበልጣል የባሰ ሊመጣ ይችላል። እሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በልጅነቱ፣ እሱስ ምን ይላል ብሏል። ይህን ሁሉ አመዛዘንኩ። ግን ሳጥኑ ማን ይሻላል ብሎ አልጠየቀኝም። ምን ታውቃለህ ነው ያለኝ። እኔም አውቃለሁ ብዬ ፈረምኩ።

«እንግዲያው የሚያውቀውን ሰው ጠይቅ» አለች አስካለ፣ ጎመኑን እየዘፈዘፈች።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዘሐራ፣

ከላይ ያሉት ገጾች ለራሴ የተጻፉ ነበሩ። እንዳሉ ልኬልሻለሁ፤ እንደገና ልጻፈው ብል ማሳመር እጀምራለሁ። ስልኩ ከሰሞኑ አይሠራም፤ ስለዚህ መንገዱ ክፍት ሳለ በሚኒባስ ሹፌሩ እጅ መላኩ ይሻላል። ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌ መጣ ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። ስትጨርሺ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ሞጣ ልጇ ዘንድ ናት። የልጇን ቤት አላውቀውም። አንቺ ግን ግማሹን ሞጣ አስተምረሻል፤ ማንን እንደምትጠይቂ አይጠፋሽም። ስታገኚያት ስለ ሹመት አታንሺባት። የይበልጣልንም ስም አትጥሪ። ስለ ኃላፊውም አትጠይቂ። ይህን ብቻ ጠይቂልኝ፦ መዝገብዎን የያዘው ዓቃቤ ሕግ ከመዝጋቱ በፊት አስጠርቶ አነጋግሮዎት ነበር ወይ? የመለሰችውን በራሷ ቃል ጻፊልኝ፤ አታሳጥሪው፣ አታርሚው። አላስታውስም ካለችም አላስታውስም ብለሽ ጻፊ።

አነጋግሮኛል ካለች ወረቀቴ ሳጥኑ ውስጥ ትቀመጥ፤ አቶ ውበቱንም ሄጄ፣ የሽማግሌ ቃላቸውን እንደ ምስክርነት ስለያዝኩባቸው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አላየሁትም ካለች ሁለተኛ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ የመጀመሪያው ምስክርነቴ እንዳይቆጠር ብዬ። ይበልጣል ይቀየመኛል። ቄስ ምናለም በዓመቱ ሚካኤል አጠገባቸው አያስቀምጡኝ ይሆናል። ይህ ቀላል ነው።

ሁለተኛዋን ወረቀት ማንም ላያነባት እንደሚችል አውቃለሁ። ሰይድ ሹመቱ አልቋል ይላል፤ አንቺም የምትይው እሱን ነው። አልቆ ይሆናል። እኔ የምፈልገው በእኔ ስም እንዳያልቅ ነው።

ሳጥኑ የሚነሣው የፊታችን ዓርብ ነው። እስከ ሐሙስ ከአንቺ ካልሰማሁ የመጀመሪያዋ ወረቀት ብቻዋን ትነበባለች፤ ልጁን እንጂ ሰውዬውን የማላውቅ እኔ ለሰውዬው መስክሬ እቀራለሁ። ሹፌሩ ረቡዕ ጠዋት ወደ ቢቸና ይመለሳል። ከመነሣቱ በፊት ወይዘሮ ጥሩዬን አግኚና መልሷን በእጁ ላኪልኝ፤ እባክሽ አታዘግዪብኝ።