የግርማ ቀላል ሻንጣ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1996፣ ቦርንሃይም

ከታውኑስ ተራራ አሁን ገባሁ። የሥራ ባልደረባዬ ግርማ በረዶ ላይ ለማደር ሻንጣው እንዲቀልለት ብሎ የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆርጧል። የጥርስ ብሩሽ! እራቱንም በግራም መዝኖ ለአንድ ሰው ብቻ ይዟል። የኔን ትልቅ ዳቦ ሲያይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄደው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ድንኳን ውስጥ እፍኝ የማትሞላውን ፓስታ ቀቀለና በልማድ «እንብላ» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲባል «ብላ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። እኔ ግን ንቄው ስለነበር ጠጋ ብዬ ግማሹን በላሁበት።

ዛሬ ስንወርድ ሆዱ ሲጮህ እሰማለሁ። ዳቦው ጀርባዬ ላይ ነበር፤ ከኔ አፍ ግን «እንብላ» አልወጣም። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፣ ሳይቆረስ።